ውሃ የማይጠግበው ሹፌርና ፍራሹ ላይ መሽናት የጀመረው ልጅ

ጥያቄ

ሰላም ሲስተር፣ እንደምን አሉ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጭንቀት ይዤ መጣሁ።

ባለቤቴ 44 ዓመቱ ነው። የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ይመላለሳል። ከሁለት ወር ወዲህ ውሃ አይጠግብም። ማታ ራስጌው ጆግ ሙሉ ውሃ አስቀምጥለታለሁ፣ ጠዋት ባዶውን አገኘዋለሁ። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳል። «ብርዱ ነው» ይላል። ረዳቱ ግን መንገድ ላይም መኪናውን እያቆመ ደጋግሞ እንደሚሸና ነገረኝ። ምግብ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨምሯል። ሆኖም ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ስላለው ቀበቶውን በምስማር ሁለት ቦታ በስቶታል። ጎረቤት የሚንሾካሾከውን አውቃለሁ። አማቴ «የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ይግባ» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ለምኜ ፋርማሲ ወሰድኩትና ጣቱን ወግተው ሲለኩት 268 አለ። እሱ ግን «ምሳ በልቼ ስለሄድኩ ነው። እኔ ቡናዬን በጨው የምጠጣ ሰው፣ ስኳር ከየት ይመጣብኛል?» ብሎ ዘጋው። እውነት ይሄ የስኳር በሽታ ነው? ምልክቱስ ምን ምን ነው?

ሌላው፣ ከእኛ ጋር የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ። 9 ዓመቱ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ፍራሽ ላይ መሽናት ጀምሯል። ተቆጣሁት፣ ማታ ውሃ ከለከልኩት፤ ተደብቆ ይጠጣል። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ሆዴን አመመኝ እያለ ያስመልሰዋል። እሱንስ ምን ላድርገው?

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ማንበብ የጀመርኩት ሻይ ይዤ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሻዩን ትቼ ስልክሽን ፈለግኩ። «ልጁን አሁኑኑ ይዘሽ ውጪ፣ ሆስፒታል ስትደርሺ መጀመሪያ ‹ስኳሩን ለኩልኝ› በያቸው» ስልሽ መደንገጥሽ ገብቶኛል። በማግስቱ ደውለሽ ስኳሩ ከ400 በላይ እንደነበረ፣ ሽንቱ ውስጥ ኬቶን እንደተገኘና አልጋ እንደያዘ ነገርሽኝ። ደሙ ውስጥ ኢንሱሊን እየገባ ነው፣ ዓይኑን ገልጦ አነጋግሮኛል ስትዪኝ እኔም እፎይ አልኩ። ደብዳቤሽን እዚህ እንዳወጣው ስለፈቀድሽልኝ ከልብ አመሰግንሻለሁ። ዛሬ ማታ ሌላ ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ በሽንቱ ምክንያት ሊገረፍ ይችላል። ያንን ቤት እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ ከልጁ ልጀምር።

ስለ ባለቤትሽ ብዙ ጻፍሽ፣ ልጁን በጥቂት መስመር ጨረስሽው። አልፈርድብሽም። ትልቅ ልጅ ፍራሽ ላይ ሲሸና በሽታ አይመስለንም። ስንፍና ይመስለናል፣ ወይ ፍርሃት፣ ወይ ቅዠት። ነገር ግን ከሁለቱ በሽተኞችሽ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችል የነበረው ልጁ ነው። የባለቤትሽ ስኳር ሲጠራቀም ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት ፈጅቷል። የልጆቹ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው የሚገነፍለው። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይባላል። ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች የሰውነቱ የራሱ መከላከያ ያጠፋቸዋል። ልጁ ከረሜላ ስለበላ የመጣ አይደለም፣ አንቺ ስለተቆጣሽው የመጣም አይደለም። ይህን ለእህትሽም ንገሪያት። ልጇን በአደራ ሰጥታሽ እንዲህ ሲሆን ማንኛችሁም ጥፋተኛ እንዳትፈልጉ።

ምን እንደሚሆን በባለቤትሽ ሥራ ልንገርሽ። የመኪናው ጋን በነዳጅ ሞልቷል እንበል። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ፓምፕ ግን ቆሟል። ጋኑ ሞልቶ ሳለ መኪናው አይሄድም። ስኳሩ ነዳጁ ነው፣ ፓምፑ ደግሞ ኢንሱሊን። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሰውነቱ ይራባል። የተራበ ሰውነት ደግሞ የራሱን ስብና ጡንቻ ያነዳል። ቢበላም የሚከሳው ለዚህ ነው። ስብ ሲነድ ኬቶን የሚባል ነገር ይወጣል፣ ኬቶን ሲበዛ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ያኔ ነው ሆድ ቁርጠቱ፣ ማስመለሱ፣ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት መተንፈሱ የሚመጣው። ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ከዚያ ልጁ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ንግግሩ ይምታታል። እዚህ የደረሰ ልጅ ሕይወቱ በሰዓታት የምትቆጠር ናት።

ድንገተኛ ክፍል ስሠራ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ መጣች። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ አምስት ቀን መድኃኒት ሲሰጣት ቆይቶ ነበር። ትንፋሿ ከበር ይሰማ ነበር። ጣቷን ወጋናት፣ መለኪያው ቁጥር ማሳየት አቅቶት «ከፍተኛ» ብቻ አለ። ልጅቷ ተርፋለች። ግን እናቷ ጥግ ላይ ቆማ «ትኩሳት እንኳ አልነበራትም እኮ» ስትል የነበረውን አልረሳም። እናትየው ያየችውን ማንም አልጠየቃትም። ውሃ እንደምትጠጣ፣ ማታ ማታ እንደምትሸና፣ ቀሚሷ እንደሰፋት ታውቅ ነበር። ወባ፣ ታይፎይድ፣ ትል፣ ምች፣ ቡዳ፣ ሁሉም ይባላል። ስኳር መለካት ግን አንድ ጠብታ ደምና አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እናንተው ጠይቁ። «ይህ ልጅ ውሃ ያበዛል፣ ሽንት ያበዛል፣ ከስቷል፣ ስኳሩን ለኩልኝ» በሉ። ይህን ማለት ሐኪሙን መናቅ አይደለም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ። ውሃ መከልከልሽ ጥሩ አልነበረም። ልጁ ውሃ የሚጠጣው ስለሚሸና ነው እንጂ፣ የሚሸናው ውሃ ስለጠጣ አይደለም። በደም ውስጥ ያለው ስኳር 180 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት ሊይዘው ያቅተዋል፣ ወደ ሽንት ይለቀዋል። ስኳሩ ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይወጣል። ሰውነት ይደርቃል፣ ጥም ይመጣል። ይህን ስለማታውቂ ነው ያደረግሽው፤ ብዙ እናቶች ያደርጉታል። ልጁ ሲሻለው ግን አቅፈሽ ይቅርታ ጠይቂው። ተደብቆ ውሃ ሲጠጣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አስቦ ይሆናልና፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ ካንቺ ይስማ።

ዕድሜ ልኩን መርፌ ሊወጋ ነው ብለሽ ስልክ ላይ አለቀስሽ። ልክ ነሽ፣ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. በጥር ወር፣ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋ። ሞት አፋፍ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ፣ ያውም በዚያ ዘመን ባልተጣራ መድኃኒት። የዛሬ ልጅ በዚሁ መርፌ ተምሮ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ይኖራል። ኢንሱሊኑን ማቋረጥ ብቻ ነው የማይቻለው። አንድ ቀንም ቢሆን።

አሁን ወደ ባለቤትሽ።

268 ዝም ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። «ምሳ በልቼ ነው» ያለው ግማሽ እውነት አለው፤ ከምግብ በኋላ የማንም ሰው ስኳር ከፍ ይላል። የጤነኛ ሰው ግን ሁለት ሰዓት ቆይቶ ከ140 በታች ይሆናል። ምልክት ያለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሐኪም የስኳር በሽታ ነው ለማለት ይበቃዋል። ባለቤትሽ ደግሞ ምልክቱ ሁሉ አለው። ጥሙ፣ ሽንቱ፣ ረሃቡ፣ መክሳቱ። ስለዚህ ጥያቄሽን በቀጥታ ልመልስልሽ። አዎ፣ ስኳር ይመስለኛል። የሚያረጋግጠው ግን ላብራቶሪ ነው።

ላብራቶሪው እንዲህ ነው። ማታ እራት በልቶ ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ጠዋት ይሄዳል። ውሃ ይፈቀዳል። ቡና በጨውም ቢሆን አይፈቀድም። ከ100 በታች ጤነኛ ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፣ ገና ስኳር አልሆነም፣ መመለስም ይቻላል። 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር ነው። ምልክት ለሌለው ሰው በሌላ ቀን ይደገማል። አቅም ካለ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳይ ምርመራም አለ፤ ኤዋንሲ ይሉታል። 6.5 በመቶ ከደረሰ ስኳር ነው። እሱ ጾም አይፈልግም፤ «ምሳ በልቼ ነው» ለሚል ሰው ደግሞ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ትንሽ ነገር ግን ብዙ የሚያሳስት፦ ጣት ከመወጋቱ በፊት እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ማንጎ ወይም ብርቱካን የነካ ጣት ውሸት ቁጥር ያወጣል።

«ቡናዬን በጨው» የሚለውን ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ። የበሽታው ስም ነው ያሳሳተን። እንጀራም፣ ዳቦም፣ ፓስታም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚመጣው ኢንሱሊኑ ሲያንስና ሰውነት በትክክል አልጠቀምበት ሲል ነው። የቤተሰብ ዘር አለበት፣ የሆድ ዙሪያ ስብ አለበት፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አለበት። ሹፌር ደግሞ ከመሪው ጋር ነው የሚውለው። አባቱ ወይም እናቱ ስኳር አላቸው? ይህን ጠይቂልኝ።

ደግሞ አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። መንገድ ላይ ሲጠማው ምን ይጠጣል? አልጻፍሽልኝም፤ ግን ሹፌሮችን አውቃለሁ። ለስላሳ ነው። አንዱን ቆብ ከፍቶ በአንድ ትንፋሽ። ለጊዜው ይረካል፣ ስኳሩ ግን ይብሱን ይወጣል። ይሸናል፣ ይጠማዋል፣ ሌላ ይከፍታል። ስኳራቸው ከ500 በላይ ሆኖ የመጡ ሰዎችን ስጠይቅ ብዙዎቹ ይህንኑ ነው የሚነግሩኝ። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ይያዝ፣ ወይም አምቦ ውሃ። ጁስ ቤትም አይግባ፤ የፍራፍሬ ነው ተብሎ ስፕሪስ መጠጣት ያው ስኳር መጠጣት ነው።

ብርዱስ? ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ እውነት ነው፣ ብርድም ሽንት ያበዛል። ብርድ ግን ጥም አያመጣም። ብርድ ቀበቶ አያስበሳም። እነዚህ አብረው ሲመጡ ብርዱን ተዉት።

ጎረቤት ስለሚንሾካሾከው ልናገር። ሰው ሲከሳ እኛ ሀገር መጀመሪያ የሚታሰበው ኤችአይቪ ነው፣ ቀጥሎ ቲቢ። በዚህ ሐሜት ምክንያት ስንቱ ከቤት ሳይወጣ ቀርቷል። ሲሄድ ሁሉንም ይመርመር፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። በተለይ ሳል ካለው የቲቢውን አትለፉት። ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በጣም ይበልጣል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስኳር የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው የሚለውም ይቅር። ጎንደር አካባቢ ያሉ ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ ቀጫጭን ወጣት ገበሬዎችን በስኳር በሽታ ሲያክሙ ዓመታት ቆጥረዋል። በልጅነት ከሚደርስ የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። ቀጭን ስለሆንኩ አይነካኝም የሚል ሰው ካለ ይህን አንብቢለት።

ምልክቱ ምን ምን ነው ላልሽው፣ ዋናዎቹን አንቺው ጽፈሻቸዋል። ዝምተኞቹን ልጨምርልሽ። የእነዚህ ክፋት ማንም በሽታ ናቸው አለማለቱ ነው።

አክስቴ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንዱ ነጠላ ጫማዋ የለም። መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፣ እሷ አላወቀችም። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። ነርስ ነኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ በፊት ማታ ማታ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል ትል ነበር፤ ዕድሜ ነው ብለናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ውስጥ እግሯ ላይ ቁስል ተገኘ። ምስማር ወግቷት አልተሰማትም። ቁስሉ አልድን ብሎ ስትመረመር ስኳር ነበር፣ ያውም የቆየ። አንዱን ጣቷን አጥታለች። ዛሬ ሰው «ጫማዬ ሳላውቀው ይወልቃል» ሲለኝ አልስቅም። ቁጭ አድርጌ እግሩን አያለሁ።

ዓይንም አለ። ስኳር ሲወጣና ሲወርድ የዓይን ሌንስ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ እይታ ዛሬ ይደበዝዛል፣ ነገ ይጠራል። ሰው መነጽር ያሠራል፣ በወሩ መነጽሩ አልሆን ይለዋል። ባለቤትሽን በማታ ሲነዳ የመጪው መኪና መብራት ይበተንበት እንደሆነ ጠይቂው። አዎ ካለ እስኪታከም ድረስ ማታ ባይነዳ እመርጣለሁ። በማታ ጉም ውስጥ መንዳት ለጤነኛ ዓይንም ከባድ ነው።

የሚያፍሩበትም አለ። የብልት አካባቢ ማሳከክና ነጭ ነገር፣ ታክሞ እየተመለሰ የሚያስቸግር። በሴትም በወንድም ይመጣል። የወንድ የወሲብ አቅም መድከም። እነዚህን ሰው ለነርስ እንኳ አይናገርም፤ አንቺ ግን ሚስቱ ነሽ፣ ታውቂያለሽ። ድድ የሚደማና የሚያብጥ፣ ብጉንጅ ደጋግሞ የሚወጣበት፣ አንገቱ ዙሪያ ወይም ብብቱ ሥር ቆዳው ጠቁሮ እንደ ከፋይ የወፈረበት ሰው፣ አራት ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለደች እናት፣ እነዚህም ይለኩ። ሽንት ላይ ጉንዳን መሰብሰቡን አባቶቻችንም ያውቁታል፤ እውነት ነው፣ ስኳር ሽንት ውስጥ ሲፈስ ይሆናል። ጉንዳን አለመምጣቱ ግን ነፃ ነህ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ስኳር ይዞት ይኖራል። ግፊት ያለበት፣ ቤተሰቡ ውስጥ ስኳር ያለበት፣ ሆዱ የገፋ ሰው ምልክት አይጠብቅ።

አማትሽን አታስቀይሚያቸው። «ጠበሉንም እንወስደዋለን እማማ፣ መጀመሪያ ግን ደሙን እናሳይ» በያቸው። ብዙ አባቶች ራሳቸው መድኃኒታችሁን እየወሰዳችሁ ተጠመቁ ይላሉ። እኔ የምፈራው በጠበል ቦታ መድኃኒት ማቆምን ነው፣ በተለይ ለልጁ። ኢንሱሊን ያቆመ ልጅ በቀናት ውስጥ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመለሳል፤ የማይመለስም አለ። አብሽ ይጠጣ፣ ሽፈራው ይጠጣ የሚል ዘመድም ይመጣል። 268 ላይ ያለን ሰው በአብሽ አቆየዋለሁ ማለት ጊዜ ማባከን ነው።

ስለዚህ ነገ አይሱዙው ይቁም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ሳይበላ አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጤና መድን መታወቂያ ካላችሁ ያዙ። ከጾም ስኳሩ ጋር ሽንቱን ለኬቶን፣ ደግሞ ኩላሊቱንና ግፊቱን ይዩለት። ካልሲውን አውልቆ እግሩን ያሳይ፤ አብዛኛው ሰው ካልተጠየቀ አያወልቅም። ዓይኑን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፉለት። እንቢ ካለሽ የልጁን አልጋ አሳዪው። ዛሬ ማታ ግን ማስመለስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ከባድ ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ ከመጣበት ጠዋትን አትጠብቁ።

ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ደግሞ አንድ ተቃራኒ ነገር ትማሪያለሽ። ኢንሱሊን ተወግቶ ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ያለምክንያት ይነጫነጫል። ያኔ ከቻልሽ ለኪው፣ ካልቻልሽ አትጠብቂ፤ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጪው፣ ከዚያ ምግብ ስጪው። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጊ፣ ይዘሽው ሩጪ። ይህን ለትምህርት ቤት መምህሩም ንገሪ፤ ቦርሳው ውስጥ ሁልጊዜ ስኳር ይኑር። ቤት ውስጥ ፍሪጅ ከሌለ ኢንሱሊኑን በሸክላ ማሰሮ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ፣ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። ነርሶቹ ያሳዩሻል፣ እስኪገባሽ ደጋግመሽ ጠይቂያቸው።

ነገ ከላብራቶሪ ስትወጡ የባለቤትሽን ቁጥር ላኪልኝ። ስልኬ ክፍት ነው።